ኮከብ ለማየት ደንገጎ ስትወጡ እነዚህን ተዉ

በበጋ ወራት አልፎ አልፎ ሰው ሰብስበን ከድሬ (ከድሬዳዋ) ወደ ደንገጎ፣ በሐረር መንገድ ላይ ወዳለው ዳገት፣ እንወጣለን። አንድ ቴሌስኮፕ፣ ሁለት ምንጣፍ፣ ትልቅ ፔርሙዝ ሻይ። በቃ። እንጦጦ ላይ መስታወታቸው 1 ሜትር የሆነ ሁለት ቴሌስኮፖች አሉ፤ የእኛው 15 ሳንቲ ሜትር ነው። እሱም ቢሆን የሳተርንን ቀለበት ያሳያል። ሰው ቅር ብሎት ሲመለስ ያየሁት በቴሌስኮፑ ማነስ አይደለም፤ በሚከተሉት ነው።

«ጨረቃዋ ሙሉ ስትሆን እንሂድ» ማለት

ይህን የማይለኝ የለም። ሙሉ ጨረቃ ሰማዩን ታጥበዋለች፤ ፍኖተ ሐሊብ፣ ያ በሰማይ ላይ የተዘረጋው ነጣ ያለ የከዋክብት መስመር፣ ድራሹ ይጠፋል። ጨረቃዋን ራሷን ለማየትም አይሆንም። ፀሐይ ፊት ለፊት ስለምትመታት ጥላ የለም፤ ጉድጓዶቿ ጠፍጣፋ ይመስላሉ። ግማሽ ስትሆን ግን ብርሃንና ጨለማው በሚገናኙበት መስመር ላይ ተራራው ሁሉ ጥላ ይጥላል። ለዚህ ደግሞ ድሬና ሐረር ላይ አፕ አያስፈልግም። ዛሬ የዓረብ ወር ስንት እንደሆነ ጎረቤት ጠይቁ። 7 ወይም 8 ከሆነ ለጨረቃ ኑ። ከ25 እስከ ሚቀጥለው ወር 3 ከሆነ ለከዋክብት ኑ። 14ና 15ን እዚያው ድሬ፣ ከዚራ ሰፈር ሽር በሉበት።

ሰዓት ማደባለቅ

የኮከብ አፑ «8 ፒ.ኤም.» ሲል ከምሽቱ 2 ሰዓት ማለቱ ነው። አንድ እንግዳ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ደውሎ «አቦ የት ናችሁ?» አለኝ። ሁለተኛ እንቅልፌ ላይ ነበርኩ። በጂ.ኤም.ቲ. (በግሪንዊች ሰዓት) የተጻፈ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ 3 ሰዓት ጨምሩ፤ 18:00 የሚለው የእኛ ከምሽቱ 3 ሰዓት ነው።

ስልክ ማብራት

ከሁሉም የከፋው ይሄ ነው። ዓይን ጨለማን ለመልመድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈልጋል። አንድ ሰው «ትንሽ ሰልፊ» ብሎ ፍላሽ ሲያበራ የሁሉም ሰው ግማሽ ሰዓት ገደል ገባ ማለት ነው፤ እንደገና ከዜሮ። ባትሪ የግድ ካስፈለገ ቀይ ፌስታል ደራርባችሁ እሰሩበት፤ ቀይ ብርሃን ዓይንን ብዙም አይረብሽም። በጠመዝማዛው መንገድ አይሱዙ ሲመጣም አንድ ዓይናችሁን ጨፍኑ። መኪናው ሲያልፍ ያ ዓይን ጨለማውን እንደለመደ ይቆያችኋል። ሲያዩን ሁላችንም ሽፍታ እንመስላለን፤ ይሁን።

የኢንተርኔቱን ቀለም መጠበቅ

ኦሪዮን በሚባለው የከዋክብት ስብስብ ውስጥ ያለውን የጋዝ ደመና ፎቶው ላይ ሮዝና ሐምራዊ ሆኖ ታዩታላችሁ። በቴሌስኮፕ ግን ግራጫ ጭስ ነው። ካሜራ ብርሃን ለረጅም ጊዜ ያጠራቅማል። ዓይን ደግሞ በጨለማ የሚያይባቸው ሕዋሳት ቀለም አይለዩም። «ይሄው ነው?» ብሎ ከመራቅ በፊት አንድ ዘዴ ሞክሩ፦ ደመናውን ቀጥታ አትዩት፤ ትንሽ ወደ ጎን እያያችሁ በዓይናችሁ ጠርዝ ያዙት። ወዲያው ሰፋ ይላል። ያ ብርሃን ከተነሳ 1,300 ዓመት ገደማ ሆኖታል። የሐረሩ አሚር ኑር በ16ኛው ክፍለ ዘመን የጀጎልን ግንብ ሲያሠሩ፣ ብርሃኑ ከ800 ዓመት በላይ ተጉዞ ነበር። ግራጫነቱን ይቅር በሉት።

ቴሌስኮፑን መያዝ

እጃችሁን ወደ ኋላ፣ ዓይናችሁን ብቻ ጠጋ። ጁፒተር ከመስታወቱ ሲወጣ «ጠፋ!» ብላችሁም አትነቅንቁት። የዞረችው ምድር ናት፤ እኔ አስተካክለዋለሁ።

በቲሸርት መምጣት

ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ዳገቱን ስትጨርሱ ግን አየሩ ሌላ ነው። ጋቢ ያዙ። በየጊዜው የእኔን የሚወስድብኝ ሰው አለ።

ወደ ሰሜን ብቻ ማፍጠጥ

የሰሜን ኮከብ ለእኛ በጣም ዝቅ ያለ ነው። ክንዳችሁን ዘርግታችሁ ብትለኩ፣ ከአድማስ አንድ ጭብጥ ያህል ብቻ ከፍ ይላል። ኮረብታ ካለ ጭራሽ አይታይም። እኛ የታደልነው በደቡብ ነው። በግንቦት መጀመሪያ፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ ወደ ደቡብ ዞራችሁ ሁለት ጭብጥ ለኩ፤ የደቡብ መስቀል የሚባለውን የከዋክብት ስብስብ ቀጥ ብሎ ቆሞ ታገኙታላችሁ። አውሮፓ ያለ ዘመዳችሁ ከቤቱ ሆኖ አያየውም፤ ደውላችሁ አስቀኑት።

ቶሎ መሄድ

አብዛኛው ሰው ሳተርንን አይቶ፣ ሻዩን ጠጥቶ ወደ ሚኒባሱ ነው። በታኅሣሥ 4 እና 5 አካባቢ ግን ይህ ያስቆጫል። ጀሚኒድስ የሚባለው የተወርዋሪ ኮከቦች ዝናብ በየዓመቱ የሚበረታው ያን ሰሞን ነው። ቴሌስኮፕም አይፈልግም፤ ምንጣፍ ላይ በጀርባ መጋደም ብቻ። በብዛት የሚታየው ደግሞ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ ነው። ያ እንግዳ ያን ሌሊት ቢደውል ኖሮ፣ በመጀመሪያው ጥሪ አነሳለት ነበር።