ዳገት ላይ ወደ ውስጥ የሚከፈት የግቢ በር፦ ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

ሽሮ ሜዳ፣ ፈረንሳይ፣ ጉለሌ፣ የእንጦጦ ግርጌ ሰፈር ሁሉ ዳገት ነው። ብዙ ቦታ መንገዱ ዝቅ፣ ግቢው ከፍ ይላል። በር ሠሪው ይጠራል፤ የበሩን አፍ ስፋትና ቁመት ይለካል፣ ቀብድ ይቀበላል፣ ይሄዳል። ወደ ግቢው ገባ ብሎ መሬቱን የሚያይ የለም።

ስሌቱ እኮ ከባድ አይደለም። አንዱ የበር ክንፍ 2 ሜትር ይሰፋል እንበል። ግቢው በየሜትሩ 10 ሳንቲም የሚነሳ ከሆነ፣ በሩ ሙሉ በሙሉ ሲከፈት ጫፉ የሚደርስበት መሬት ከደፉ 20 ሳንቲም ይበልጣል። ከስር የተተወው ክፍተት ደግሞ 5 ሳንቲም ነው። ታዲያ ምን ይሆናል? ጫፉ ግማሽ ሜትር ገባ እንዳለ መሬት ነክሶ ቀጥ! ሰው በጎን ሾልኮ ይገባል፣ መኪና ደጅ ያድራል።

ከዚያ ግራይንደር ይመጣል። ከስር ይቆረጥና በሩ ይከፈታል፤ ሲዘጋ ግን የሰፈሩ ውሻ ሁሉ በስሩ ይገባል። አንድ ደንበኛዬ ክፍተቱን በአሮጌ ጎማ ቁራጭ ሸፍኖት አገኘሁ። በሩ በተከፈተ ቁጥር ጎማው እየታጠፈ አፈሩን ይጠርጋል፤ በሩ ሥር ትንሽ ጉብታ ተሠርቷል።

እባካችሁ፣ ብረት ከመቆረጡ በፊት ውሃ በተሞላ የግንበኞች ቱቦ ውሃ ልክ ያዙ። አንዱ ጫፍ ደፉ ላይ፣ ሌላው የበሩ ጫፍ የሚደርስበት ቦታ። ልዩነቱ በዛ ካለ እኔ የምመክረው በሩ የሚዞርበትን ቦታ ቆፍሮ ሜዳ ማድረግ ነው። ዳገቱ ከዚያ ወዲያ ይጀምር። ቀሪው ዳገት ትንሽ ቀጥ ይላል፣ ግን ይቻላል። አጥሩ በአንድ ጎን በቂ ርዝመት ካለው ተንሸራታች በርም አለ። «ወደ ውጭ ይከፈት» የምትሉ፣ እግረኛ ፊት ላይ ነው የምትከፍቱት።

የታችኛውን ማጠፊያ ከላይኛው ይልቅ ወደ ግቢው አስገብቶ መበየድም መላ ነው። በሩ ሲከፈት ጫፉ ይነሳል። ግን በተከፈተ ቁጥር ክብደቱን ወደ ላይ ትገፋላችሁ፤ ከለቀቃችሁት ደግሞ ራሱ ይዘጋል፣ ምናልባትም መኪናው ላይ። መያዣ መንጠቆ የግድ ነው። ወደፊት ሞተር ልታስገቡበት ካሰባችሁ ይቅርባችሁ።

መንገዱ በጎን ሲያዘቀዝቅ ደግሞ ሌላ ጉድ አለ። የበሩ ስር ከመንገዱ ጋር አብሮ ሰያፍ ይቆረጣል፤ ሲዘጋ ያምራል። ሲከፈት ግን በከፍታው በኩል የታሰረው ክንፍ ጫፉ ዝቅ ያለ ስለሆነ መሬት ይገባል። በዝቅታው በኩል የታሰረው ምንም አይሆንም። ስለዚህ ጠባብ በር ከሆነ ነጠላ አድርጉትና ማጠፊያውን በዝቅታው ወገን እሰሩት።

ሌላው ስህተት በሩን ከወለሉ በፊት መግጠም ነው፤ ወለሉ ሲነጠፍ ከስር ያለውን ክፍተት ይበላዋል። ኮብልስቶን ድንጋዩ ብቻ 10 ሳንቲም ገደማ ነው፣ ከስሩ አሸዋ አለ። ሌላ ምን ልበል።

በሩን የሚሸከመውን ምሰሶ፣ ኮለኑን፣ አትናቁት። 1.5 ሚሊ ሜትር ላሜራ በካሬ ወደ 12 ኪሎ ይመዝናል። 2 ሜትር በ2.20 የሆነ ክንፍ፣ የፍሬሙ ቱቦላሬ ሳይቆጠር፣ ከ50 ኪሎ በላይ ነው። ይህን ባዶ ብሎኬት ላይ በቡሎን አስሮ የሚሄድ በያጅ አይቻለሁ። ማጠፊያው የሚበየድበት ብረት ከፌሮው ጋር ተበይዶ አርማታው ውስጥ ይቀበር። በማግስቱ ደግሞ አትስቀሉ! አርማታ ሙሉ ጉልበቱ የሚለካው በ28 ቀኑ ነው፤ ቢያንስ አንድ ሳምንት ውሃ እያጠጣችሁ ታገሱ። ማጠፊያዎቹንም በቱንቢ እዩ፤ በዓይን ልክ የመሰለ ሁሉ ልክ አይደለም።

ግቢያችሁ ከመንገዱ ዝቅ የሚል ከሆነ በሩ አይጋጭም። የናንተ ፈተና የሐምሌ ጎርፍ ነው። ደፉ ፊት ለፊት በፍርግርግ የተከደነ ቦይ ሳታሠሩ በሩን አትስቀሉ።

ዳገት ላይ ላላችሁ ደግሞ ውሃው ከግቢ ወደ ደጅ ሲወርድ ደለሉን ይዞ የመሬት መቀርቀሪያው ቀዳዳ ውስጥ ይጨምረዋል። የቀዳዳውን ስር በሲሚንቶ አትድፈኑት። ቁራጭ ቱቦ ቅበሩና ከስሩ ጠጠር አድርጉ፤ ውሃው ይሰርጋል፣ ደለሉን በማንኪያ ማውጣት ትችላላችሁ።