በሲያትል የባሕር ዳር የቅርጻ ቅርጽ መናፈሻ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

እንግዳ በመጣ ቁጥር ወደ ኦሊምፒክ የቅርጻ ቅርጽ መናፈሻ ይዤው እሄዳለሁ። የማያቸው ስህተቶችም ሁልጊዜ ያው ናቸው።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ መንካት ነው። የሪቻርድ ሴራ «ዌክ» ከ4 ሜትር በላይ የሚቆሙ አምስት የብረት ቅርጾች ናቸው። የዛጉ ስለሆኑ ሰው ሁሉ «የዛገ ብረት ደግሞ ምን ይሆናል?» እያለ መዳፉን ያሳርፍባቸዋል፣ ጀርባውን ያስደግፍባቸዋል። ይሆናል እንጂ! ያ ዝገት ከሥሩ ያለውን ብረት የሚጠብቅ ሽፋን ነው፤ የእጅ ላብና ቅባት ደግሞ ያዥጎረጉረዋል። አንድ አባት ልጁን ትከሻው ላይ አውጥቶ «ንካው፣ አይዞህ» ሲለው ሰምቼ ዝም ማለት አልቻልኩም። የአሌክሳንደር ካልደር ቀይ «ንስር»ም እንዲሁ ነው። በ1971 የተሠራ፣ ቀለም የተቀባ ብረት ስለሆነ የልጆች ጫማ ይፍቀዋል። እባካችሁ፣ ልጆቹን ሣሩ ላይ ልቀቋቸው። ለመቀመጥ ደግሞ ሉዊዝ ቡርዧ በዓይን ቅርጽ የሠራቻቸው ጥቁር የድንጋይ አግዳሚዎች አሉ።

«ዌክ»ን ከደረጃው ላይ ፎቶ አንስቶ መሄድም ያሳዝነኛል። ወርዳችሁ በቅርጾቹ መካከል እለፉ። ከሩቅ ቀጥ ያለ የመሰለው ግድግዳ አንዴ ወደ እናንተ ይገፋል፣ አንዴ ይሸሻል።

የቡርዧ «አባትና ልጅ» ፏፏቴ ጋ ሲደርሱ ራቁታቸውን የቆሙትን ሁለቱን አይተው ፊታቸውን የሚያዞሩ እናቶች አሉ። እኔ ግን ትንሽ እንዲጠብቁ እለምናቸዋለሁ። አባትና ልጁ እጃቸውን ቢዘረጉም አይገናኙም፤ ውኃው አንዱን ሲገልጥ ሌላውን ይሸፍናል። ለውጡ የሚመጣው ሰዓት ሲሞላ ስለሆነ፣ ደወሉ ከመደወሉ በፊት ድረሱ።

የሃውሜ ፕሌንሳን «ኤኮ» ከአንድ ወገን ብቻ አትዩት። 14 ሜትር ያህል የሚረዝመው ነጭ የልጃገረድ ፊት ከጎን ሲታይ ጠፍጣፋ ነው።

ከባሕሩ ዳር ጀምሮ ወደ ላይ መውጣት አድካሚ ነው። ከላይ ጀምሩ። እየተጠማዘዘ የሚወርደው መንገድ በአውራ ጎዳናውና በባቡር ሐዲዱ ላይ ተሻግሮ ውኃው ዳር ያደርሳችኋል። በ2007 ከመከፈቱ በፊት ቦታው የነዳጅ ማከማቻ ነበር፤ በነዳጅ የተበከለው አፈር ተዝቆ ነው መናፈሻ የሆነው።

ነፋሱ በበጋም ይበርዳል፤ ጃኬት ያዙ።

መግቢያው ነጻ ነው፤ የሚዘጋው ግን ፀሐይ ከጠለቀች ከግማሽ ሰዓት በኋላ ነው። በዲሴምበር ፀሐይ በእኛ አቆጣጠር 10 ሰዓት ተኩል ሳይሞላ ስለምትጠልቅ ከሥራ በኋላ አትምጡ። ማርክ ዲዮን የወደቀ ትልቅ ግንድ ከነበቀለበት ተክል ያኖረበት የመስታወት ቤት ግን የራሱ የተወሰነ ሰዓት ስላለው፣ ክፍት መሆኑን ከቤት ሳትወጡ አረጋግጡ።