አልሠራ ያለ ሶኬት ችግሩን እንዴት እንፈልገው?

አምፖሉ ይበራል፣ አንዱ ሶኬት ግን አይሠራም። ካቻቢቴ ከማንሳታችሁ በፊት ሌላ ሶኬት ላይ የሚሠራ የስልክ ቻርጀር ሰኩበት። ከሠራ ችግሩ የዕቃው ነው፤ ሶኬቱን አትንኩት።

ካልሠራ ብሬከሩን እዩ። ወድቆ ከሆነ በመስመሩ ላይ ያለውን ዕቃ ሁሉ ንቀሉና ብሬከሩን እስከ ታች አውርዳችሁ መልሱት። ከያዘ ዕቃዎቹን አንድ በአንድ እየሰካችሁ የሚጥለውን ፈልጉ። ምንም ሳይሰካ ከወደቀ ግን ደጋግማችሁ አታንሱት፤ ኤሌክትሪሺያን ጥሩ።

ብሬከሩ ደህና ከሆነ ሶኬቱን በቅርብ እዩት። የጠቆረ ወይም የቀለጠ ከሆነ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የላላ ብሎን ነው። የላላ ሽቦ ይግላል፣ ሙቀቱ ደግሞ ብሶ ያላላዋል። ምጣድ የሚሰካበት ሶኬት ላይ ይህ ይበዛል፤ 16 አምፔር ሶኬት በ220 ቮልት የሚችለው 3,520 ዋት ነው፣ የእንጀራ ምጣድ ብቻውን እዚያው ገደማ ይወስዳል። ምጣድ የራሱ መስመርና ብሬከር ይኑረው። ዲቫይደር ላይ ፈጽሞ አይሰካ!

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቴስተር (ኤሌክትሪክ ሲያገኝ የሚበራ መፈተሻ ካቻቢቴ) ላይ ነው። ቴስተሩ በራ ማለት ፌዝ (ኤሌክትሪክ የሚያመጣው ሽቦ) ደርሷል ማለት ብቻ ነው፤ ኒውትራሉ (የመመለሻው ሽቦ) ተቆርጦ ከሆነም ይበራል፣ ሶኬቱ ግን አይሠራም። ዕቃ እንደተሰካ ሁለቱም ቀዳዳ ላይ ከበራ መጀመሪያ ኒውትራሉን ጠርጥሩ።

ለመክፈት ቴስተሩ ራሱ መሥራቱን በደህና ሶኬት ላይ አረጋግጡ፤ ከዚያ ዋናውን ብሬከር አውርዱ። ቆጣሪው የጋራ በሆነበት ግቢ አንድ ሰው ብሬከሩ አጠገብ ይቁም፤ መብራት የጠፋ መስሎት የሚያነሳ ጎረቤት አይጠፋም። ሶኬቱን ፈታችሁ ሽቦ ሳትነኩ ሁሉንም በቴስተር ሞክሩ። አንዱ እንኳ ከበራ መልሳችሁ ግጠሙትና ተዉት።

ካልበራ የሽቦዎቹን ቦታ በስልክ ፎቶ አንሱና እያንዳንዱን በቀስታ ሳቡት። የላላውን አጥብቁ። ጫፉ የጠቆረውን ንጹሕ መዳብ እስኪታይ ቆርጣችሁ፣ አንድ ሴንቲሜትር ያህል ልጣችሁ፣ አዲስ ሶኬት ላይ እሰሩ፤ የቀለጠ ሶኬት ተጠግኖ አያስተማምንም። አረንጓዴና ቢጫ ቀለም አብሮ ያለበት የግራውንድ ሽቦ ነው፤ ሳታስሩት እንዳትዘጉ፣ ከመያዝ የሚያድነው እሱ ነው። ቃጠሎው ግድግዳው ውስጥ ከዘለቀ ወይም እርጥበት ካለ ሥራው የባለሙያ ነው።

ብሬከሩን መልሳችሁ ዕቃ ሰክታችሁ ግማሽ ሰዓት ካሠራችሁ በኋላ የሶኬቱን ፕላስቲክ በእጃችሁ ጀርባ ንኩት። ከጋለ ብሬከሩን አውርዱና ባለሙያ እስኪያየው አትጠቀሙበት።