ኮምፒውተራችሁ ሲንቀራፈፍ፦ ፎርማት ከማስደረጋችሁ በፊት

ኮምፒውተር መንቀራፈፍ ሲጀምር ብዙ ሰው ወይ «አርጅቷል» ብሎ ሌላ መግዛት ያስባል፣ ወይ ፎርማት ያስደርጋል። ሁለቱም የሚያስፈልጉበት ጊዜ አለ። ግን አብዛኛውን ጊዜ ማሽኑን አንቆ የያዘው አንድ ነገር ነው። እሱን ሳያገኙ መፍትሔ መሞከር ድካም ብቻ ነው። ከዚህ በታች ያለው ዊንዶውስ 10 ወይም 11 ለተጫነበት ዴስክቶፕ ነው።

1. ሪስታርት አድርጉት

በየማታው ታጠፉታላችሁ? እሱ አይበቃም። ዊንዶውስ ላይ «ሻት ዳውን» ስትሉ ፋስት ስታርታፕ የሚባለው አሠራር የሲስተሙን የተወሰነ ክፍል ዲስክ ላይ አስቀምጦ በማግስቱ ከዚያው ይቀጥላል። ቶሎ እንዲነሳ ነው። ነገር ግን የተጠራቀመው ችግርም አብሮ ይነሳል። ሁሉንም ከዜሮ የሚያስጀምረው ሪስታርት ነው። ዛሬ ጠዋት ያበራችሁት ኮምፒውተር ታስክ ማናጀር (አከፋፈቱ ቁጥር 2 ላይ አለ) ውስጥ «አፕታይም»፣ ማለትም ሪስታርት ሳይደረግ የቆየበት ጊዜ፣ የሚለው ቦታ ላይ 20 ቀን ብሎ ብታዩት አትገረሙ።

2. ጥፋተኛውን ፈልጉ

ሪስታርት ካልረዳ፣ ኮምፒውተሩ በጣም በተንቀራፈፈበት ሰዓት ኮንትሮል፣ ሺፍት እና ኤስኬፕን አንድ ላይ ተጫኑ። ታስክ ማናጀር ይከፈታል። ሲፒዩ (ሥራውን የሚያሰላው ክፍል)፣ ሜሞሪ (ራም፣ የተከፈቱ ፕሮግራሞች የሚሠሩበት ቦታ) እና ዲስክ (ፋይሎች የሚቀመጡበት) የሚሉ ዓምዶች አሉት። ከሦስቱ የትኛው ነው ከፍ ያለው? የዓምዱን ርዕስ ክሊክ ስታደርጉት ብዙ የሚጠቀመው ፕሮግራም ወደ ላይ ይመጣል።

መጀመሪያ ሜሞሪን እዩ። ከ90 በመቶ በላይ ከሆነ ዲስኩ ቢጨናነቅም ጥፋቱ የዲስኩ ላይሆን ይችላል። ራም ሲሞላ ዊንዶውስ የተረፈውን ወደ ዲስክ እያወጣ ይመልሳል፤ ያ ነው የሚያንቀራፍፈው። ብዙ ጊዜ ራሙን የሚበላው ብራውዘር ነው። ታቦችን ዝጉ፣ የማትጠቀሙባቸውን ኤክስቴንሽኖች (ብራውዘሩ ላይ የተጨመሩ ትንንሽ ፕሮግራሞች) አውጡ። 4 ጊጋባይት ራም ካላችሁ ግን ታብ መዝጋቱ ብዙም አያራምዳችሁም፤ 8 ቢሆን ልዩነቱ ወዲያው ይታወቃል። ታስክ ማናጀር ላይ «ፐርፎርማንስ» ውስጥ ሜሞሪን ስትከፍቱ ስንት የራም ቦታ እንደተያዘ ያሳያችኋል። ከ2 ቦታ 1 ብቻ ከተያዘ መጨመር ቀላል ነው። ዲዲአር3 እና ዲዲአር4 የሚባሉት የራም ዓይነቶች ግን አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም፤ ከመግዛታችሁ በፊት ዓይነቱን አረጋግጡ።

ሜሞሪ ሰላም ሆኖ ዲስክ 100 በመቶ ላይ ከተቸነከረስ? እዚህ ላይ ብዙ ሰው ግራ ይጋባል። ዓምዱ 100 በመቶ ይላል፣ የሚነበበው ዳታ ግን በሴኮንድ 1 ወይም 2 ሜጋባይት ብቻ ነው። ስህተት አይደለም። ሃርድ ዲስክ ውስጥ የሚሽከረከር ሳህን እና ከላዩ ወዲያ ወዲህ የሚል ንባብ ራስ አለ። አንድ ፋይል ያለበት ቦታ ለመድረስ የሴኮንድ አንድ መቶኛ ያህል ይፈጅበታል። አሥር ፕሮግራሞች በአንድ ጊዜ ሲጠሩት ከማንበብ ይልቅ ሲሮጥ ይውላል። ኮምፒውተሩ ከተነሳ በኋላ ለጥቂት ደቂቃ እንዲህ ቢሆን ምንም አይደለም። ከግማሽ ሰዓት በኋላም ካልወረደ ግን ማነቆው ሃርድ ዲስኩ ነው።

ሲፒዩ ከሆነ ደግሞ፣ ምንም ሳትሠሩ ከፍ ብሎ የሚቆየውን ፕሮግራም ስም እዩ። የማታውቁት ከሆነ ዊንዶውስ ሴኪዩሪቲን ክፈቱና ሙሉ ስካን አስደርጉ። አንድ ጊዜ የቤተሰቤ ኮምፒውተር «ያለ ፎርማት አይሆንም» ተብሎ ነበር። ስከፍተው ሁለት አንቲቫይረስ ተጭኖበት እያንዳንዱን ፋይል ሁለቱም እየፈተሹት አገኘሁ። አንዱን አወጣሁት፣ አለቀ። አንድ አንቲቫይረስ ይበቃል።

3. ሲነሳ አብሮ የሚነሳውን ቀንሱ

እዚያው ታስክ ማናጀር ውስጥ «ስታርታፕ» የሚለውን ክፈቱ። ቻት፣ ሙዚቃ፣ ጌም፣ አዘማኝ… ሳታዟቸው የሚነሱት እዚህ ተዘርዝረዋል። በቀኝ ክሊክ «ዲሴብል» በሏቸው። ፕሮግራሙ አይጠፋም፤ ስትፈልጉት ትከፍቱታላችሁ። አንቲቫይረሱን እና የድምፅ ፕሮግራሙን አትንኩ።

4. ሲ ድራይቭን አስተንፍሱት

ሲ ድራይቭ ማለት ብዙ ጊዜ ዊንዶውስ የተጫነበት ቦታ ነው፤ ከመቶው 15 እጅ ያህል ባዶ ቢሆን ጥሩ ነው። ሴቲንግስ፣ ሲስተም፣ ስቶሬጅ፣ ከዚያ «ቴምፖራሪ ፋይልስ» ውስጥ ግቡ። አደራ፣ ዝርዝሩ ውስጥ «ዳውንሎድስ» የሚልም አለ። እዚያ ላይ ምልክት ካደረጋችሁ ከኢንተርኔት ያወረዳችሁት ሁሉ አብሮ ይሄዳል። «ኮምፒውተር አፍጣኝ» እየተባሉ የሚመጡ ፕሮግራሞችን ግን አትጫኑ። አብዛኞቹ ራሳቸው ሲነሳ አብረው የሚነሱ ሸክሞች ናቸው።

5. ክፈቱት

ፋኑ ከወትሮው የሚጮህ ከሆነ እና የሚንቀራፈፈው ትንሽ ከሠራ በኋላ ከሆነ ሙቀትን ጠርጥሩ። ሲፒዩ ሲሞቅ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። አጥፉት፣ የኃይል ገመዱን ንቀሉ፣ የጎን ክዳኑን ክፈቱ። የፋኑን ክንፍ በጣት ይዛችሁ አቧራውን በአየር ንፉ።

6. ሃርድ ዲስኩን በኤስኤስዲ ቀይሩ

ጥፋተኛው ሃርድ ዲስኩ ሆኖ ከተገኘ፣ እኔ ገንዘብ የማወጣው እዚህ ላይ ነው። ኤስኤስዲ የሚሽከረከር ነገር የለውም፤ አንድ ፋይል ጋ ለመድረስ የሚፈጅበት ጊዜ ከሃርድ ዲስክ በብዙ እጥፍ ያነሰ ነው። አሮጌ ዴስክቶፕ እንኳ በደቂቃዎች ይነሳ የነበረው በሴኮንዶች ሲነሳ ታያላችሁ። ዊንዶውሱን ኤስኤስዲው ላይ አድርጉ፣ አሮጌው ሃርድ ዲስክ ደኅና ከሆነ ለፎቶና ለፊልም ማስቀመጫ ይሁን። ኤስኤስዲን ዲፍራግ ማድረግ (የተበታተኑ የፋይል ክፍሎችን መሰብሰብ) አያስፈልግም።

ሃርድ ዲስኩ «ቀጭ ቀጭ» የሚል ድምፅ ካሰማችሁ ግን ከላይ ያለውን ሁሉ ተዉት። ስካንም፣ ጽዳትም አታስጀምሩ። ውጫዊ ዲስክ ሰኩና መጀመሪያ የማይተኩትን ፎቶዎቻችሁንና ሰነዶቻችሁን ገልብጡ።