መከታተያውና ሲፓፑ አልስማማ ሲሉ፦ ችግርና መፍትሄ

ሲፓፕ በእንቅልፍ ላይ ትንፋሹ ለሚቋረጥ ሰው በማስክ በኩል አየር እየገፋ ጉሮሮን ክፍት የሚያደርግ ማሽን ነው። የሚያውቀው የአየሩን መንገድ ብቻ ነው። ስንት ግፊት እንደሰጠ፣ ማስኩ ስንት አየር እንዳባከነ፣ ትንፋሽ በሰዓት ስንት ጊዜ እንደተቋረጠ ይመዘግባል። ተኝተው ያድሩ፣ ጣሪያ ሲቆጥሩ ያንጉ ግን አያውቅም። ኮመዲኖ ላይ የሚቀመጠው የእንቅልፍ መከታተያ ደግሞ በራዲዮ ሞገድ የደረትን ከፍ ዝቅ ማለትና የሰውነትን መገላበጥ አይቶ እንቅልፍን ይገምታል። ጉሮሮ መዘጋቱን ለማወቅ የተሠራ አይደለም። ስለዚህ የመከታተያው ነጥብ ዝቅ ስላለ ብቻ የሲፓፑን ግፊት አይንኩ። ግፊቱ የሐኪም ትእዛዝ ነው፤ ሳያስፈልግ ሲጨመር ማስኩ የባሰ ያፈሳል፣ ሆድም በአየር ይነፋል።

ሌሊቱን ሙሉ ተኝቼ «አልጋው ላይ ሰው የለም» ይላል

ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የአቀማመጥ ነው። የመሣሪያው መመሪያ ሌላ ካላለ ከደረትዎ ከግማሽ እስከ አንድ ሜትር ያርቁት፤ ከፍታው ከፍራሹ ጋር እኩል ወይም ትንሽ ከፍ ያለ ይሁን። ፊቱን ወደ ራስዎ ሳይሆን ወደ ደረትዎ ያዙሩት። ኮመዲኖው ከትራሱ አጠገብ ከሆነ ወደ ደረትዎ አዘንብለው ያስቀምጡት። ጋቢም ሆነ ቡሉኮ የራዲዮ ሞገድን አያግድም። የሚያግደው ብረትና ውሃ ነው፤ የቆርቆሮ ሳጥን፣ የብረት አልጋ ራስጌ፣ ውሃ የሞላ ጀሪካን በመካከል አይኑር።

ሲፓፕ ያለበት ቤት የራሱ ችግር አለው፦ ቱቦው። በእያንዳንዱ ትንፋሽ ትንሽ ትንሽ ይንቀሳቀሳል፤ በደረትዎና በመከታተያው መካከል ካለፈ መከታተያው የሚያነበው ቱቦውን ነው። ቱቦውን በራስጌ በኩል ከላይ ያሳልፉት። ሲፓፑን ከአልጋው ዝቅ ባለ በርጩማ ላይ፣ መከታተያውን ኮመዲኖው ላይ ያድርጉ። ባልና ሚስት ወይም ልጅ አብሮ የሚተኛ ከሆነ መከታተያው በእርስዎ በኩል ይሁን፤ የቀረበውን ሰው ነው የሚቆጥረው።

በስልክ ድምፅ የሚሠሩ መተግበሪያዎች ሌላ ነገር ናቸው። እነሱን ጋቢ ያፍናቸዋል፤ ከማስኩ መተንፈሻ ቀዳዳ የሚወጣው ነፋስ ማይክሮፎኑን ከመታም የሚሰሙት ሹክሹክታውን ብቻ ነው።

ሰዓቱ አይገጥምም

ሲፓፑ 7 ሰዓት ተኩል፣ መከታተያው 6 ሰዓት ተኩል ካለ አይጨነቁ። ሲፓፑ የሚቆጥረው የሠራበትን ጊዜ እንጂ የእንቅልፍን ሰዓት አይደለም። ልዩነቱ ሁለት ሰዓትና ከዚያ በላይ ሆኖ በየሌሊቱ ከተደጋገመ ግን ማስኩን አድርገው ነቅተው እየቆዩ ነው፤ ምክንያቱን ከታች ባለው የመፍሰስና የድርቀት ክፍል ይፈልጉ።

የበለጠ ትኩረት የሚፈልገው ተቃራኒው ነው፤ መከታተያው «7 ሰዓት ተኝተዋል» ሲል ሲፓፑ ግን 5 ብቻ ሲመዘግብ። ይህ ማለት ሁለት ሰዓት ያህል ያለ ማስክ ተኝተው ይሆናል። ብዙ ሰው ማስኩን በእንቅልፍ ልቡ ያወልቃል፣ ጠዋትም አያስታውሰውም። ብዙ ጊዜ የሚሆነው ወደ ንጋት ሲሆን፣ ሕልም የሚበዛበት እንቅልፍ ያኔ ስለሆነ ጡንቻ ይላላል፤ የትንፋሽ መቋረጡም በዚያ ሰዓት ይከፋል። ሁለቱን መሣሪያዎች አንድ ላይ ማኖር ዋጋ የሚያወጣው እዚህ ላይ ነው፤ አንዱ ብቻውን ይህን አያሳይም። ሲፓፑ የማስክ ማስጠንቀቂያ ድምፅ ካለው ያብሩት። ማስኩ የወለቀበትን ሰዓት ከመፍሰስ መዝገቡ ጋር ያስተያዩ፤ ከመውለቁ በፊት መፍሰሱ ከጨመረ ችግሩ የማስኩ ልክ ነው፤ ካልጨመረ አፍንጫ መታፈን ወይም ድርቀት ሊሆን ይችላል።

ቀኑ ራሱ የተዘበራረቀ የሚመስልበትም ጊዜ አለ። ሬስሜድ የተባለው ኩባንያ የሚሠራቸው ሲፓፖች አንድን «ቀን» የሚቆጥሩት ከቀትር እስከ ቀትር ነው። ማክሰኞ ማታ ተኝተው ረቡዕ ጠዋት ቢነሱ ሌሊቱን ማክሰኞ ይሉታል፤ ብዙ መከታተያዎች ደግሞ በተነሱበት ቀን ረቡዕ ብለው ይመዘግቡታል። በዚያ ላይ የእኛ ሰዓት ከመሣሪያዎቹ በ6 ሰዓት ይለያል፦ ከሌሊቱ 9 ሰዓት መዝገቡ ላይ 3፡00 ነው። የሁለቱንም ሰዓት በአዲስ አበባ ሰዓት ያስተካክሉ። ማስታወሻ ሲይዙ ከቀን ቁጥር ይልቅ የሳምንቱን ቀን ይጻፉ፤ በእኛም በፈረንጆቹም አቆጣጠር ማክሰኞ ያው ማክሰኞ ነው።

የትንፋሽ መቋረጡ ቁጥር ጥሩ ነው፤ መከታተያው ግን «የተቆራረጠ እንቅልፍ» ይላል

ሲፓፑ ላይ የሚታየው ኤ.ኤች.አይ (ትንፋሽ በሰዓት ስንት ጊዜ እንደተቋረጠ ወይም እንደቀነሰ የሚያሳየው ቁጥር) ከ5 በታች ከሆነ ጉሮሮው በአብዛኛው ክፍት ሆኖ አድሯል። የሚቀሰቅስዎ ሌላ ነው ማለት ነው።

መጀመሪያ የመፍሰሱን መዝገብ ይዩ። በሬስሜድ ማሽኖች ወሰኑ በደቂቃ 24 ሊትር ነው። ማስኩን ተቀምጠው ሳይሆን ተኝተው፣ ማሽኑ እየነፋ ሳለ ያስተካክሉት። ፊት ላይ ቫዝሊን ካለ ሲሊኮኑ አይይዝም፤ ከመተኛትዎ በፊት ይታጠቡ። ቅቤ በተቀባ ጸጉር ላይ ማሰሪያው ሌሊት ወደ ኋላ ይንሸራተታል፤ በቀጭን የጥጥ ሻሽ ጠቅልለው ከላይ ይሰሩት። ሹሩባ ሲሠሩና ሲፈቱ የማሰሪያው ልክ ይለወጣል፤ በተሠሩበት ማታ እንደገና ይለኩት። ማጥበቅ መፍትሄ አይደለም፤ ሲጠብቅ ላስቲኩ ይጨማደድና የባሰ ያፈሳል፣ የአፍንጫ አጥንትንም ያቆስላል። ላስቲኩን በየቀኑ ለብ ባለ ውሃና ለስላሳ ሳሙና ይጠቡ።

ቀጥሎ ድርቀት። ከጥቅምት ጀምሮ የጎንደር አየር ስለሚደርቅ በክረምት የበቃው የእርጥበት ልክ በበጋ አይበቃም፤ በአንድ ደረጃ ከፍ አድርገው ሁለት ሦስት ሌሊት ይዩት። በሲፓፑ የእርጥበት መስጫ ዕቃ ውስጥ የሚገባው ዲስቲልድ (ተንኖ የተጣራ) ውሃ ነው። የቧንቧ ውሃ ቢፈላም ማዕድኑ አይወጣም፤ ነጩ ዝቃጭ ዕቃው ላይ ይጋገራል። እባክዎ ከመለዋወጫ ሱቅ «የባትሪ ውሃ» ገዝተው አይጨምሩ፦ በዚያ ስም አሲድ ያለበትም ስለሚሸጥ ሳንባን ይጎዳል። ዲስቲልድ ለጊዜው ከጠፋ ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ ይጠቀሙና በየጠዋቱ ይድፉት። የተጋገረውን በአንድ እጅ አቼቶና በአሥር እጅ ውሃ ዘፍዝፈው በደንብ ያለቅልቁት።

ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ብርድ ደግሞ ሌላ ችግር ይመጣል። ሞቃትና እርጥብ አየር በቀዝቃዛው ቱቦ ውስጥ ሲያልፍ ወደ ውሃነት ይለወጣል፤ ቱቦው ይንቆረቆራል፣ ጠብታም ፊት ላይ ይረጫል። መከታተያው ወደ ንጋት ተደጋጋሚ መንቃት የሚያሳየው አንዳንዴ በዚህ ነው። ቱቦውን በጋቢ ይሸፍኑ፤ ማሽኑ ከራስዎ ዝቅ ብሎ መቀመጡም ውሃው ወደ ፊትዎ እንዳይመጣ ይረዳል። ካልበቃ እርጥበቱን በአንድ ደረጃ ይቀንሱ።

በሰንበትና በበዓል ሌሊት ብቻ የሚታይ መንቃት ከቤተ ክርስቲያን ድምፅ ማጉያ ጋር ይገጥም እንደሆነ ሰዓቱን አስተያዩ። ማታ አረቄ ወይም ጠላ የተጠጣበትንም ይጻፉ፤ አልኮል የጉሮሮን ጡንቻ ያላላል፣ እንቅልፍንም ይቆራርጣል።

መብራት ሲሄድ

ማሽኑ ሲቆም ማስኩን ያውልቁ። ፊት የሚሸፍነው ማስክ የደኅንነት ቫልቭ ቢኖረውም በመቆሙ የሚያገኙት አየር አይበቃም። መብራት ሲመለስ አንዳንድ ማሽኖች ሰው ካልጀመራቸው አይነሱም፤ መዝገቡ ላይ ክፍተት ካዩ መጀመሪያ የሚጠረጥሩት ይህንን ነው።

መከታተያው በፓወር ባንክ ያድራል፤ ሲፓፑ ግን ብዙውን ጊዜ 24 ቮልት ስለሚፈልግ ከ12 ቮልት ባትሪ ጋር ለማሽኑ የተሠራ መቀየሪያ ያስፈልጋል። እርጥበት መስጫውና የሚሞቀው ቱቦ ሲጠፉ 30 ዋት አካባቢ ብለው ቢያስቡ፣ ለ8 ሰዓት 240 ዋት ሰዓት ነው። 100 አምፒር ሰዓት ያለው የ12 ቮልት ባትሪ 1,200 ይይዛል፤ የእርሳስ ባትሪ ከግማሹ በላይ ባይወርድ ይሻላል፣ ስለዚህ ሁለት ሌሊት ያደርሳል። እርጥበት መስጫው ሲበራ ግን ስሌቱ ይፈርሳል። ባትሪውን መኝታ ቤት ውስጥ አይሙሉት፤ ሲሞላ ሃይድሮጅን ያወጣል። ከውጭ የመጣ ማሽን ቻርጀሩ ላይ 100-240 ቮልት ከተጻፈበት ትራንስፎርመር አይፈልግም፤ የሶኬት መቀየሪያ ይበቃዋል።

ከፍታ

ኤርሴንስ 10 የተባለው የሬስሜድ ሲፓፕ እስከ 2,591 ሜትር ከፍታ ይሠራል። ጎንደር ከዚያ በታች ስለሆነ ችግር የለውም፤ 2,850 ሜትር ገደማ ላይ ያለው ደባርቅ ግን ከልኩ ያልፋል። ከፍታን ራሳቸው የማይለዩ አሮጌ ማሽኖች ከቆላማው መተማ ወደ ጎንደር ሲመጡ ግፊታቸው ይደክማል፤ የከፍታ ማስተካከያቸውን ይቀይሩ። ጉሮሮው ክፍት ሆኖ ትንፋሽ የሚቆምባቸው ክስተቶች መዝገቡ ላይ ከበዙ ግፊት በመጨመር አይድኑም፤ ወደ ሐኪም ይሂዱ። ማስኩ ተስተካክሎም ኤ.ኤች.አይ ለአንድ ሳምንት ከ5 በላይ ከቆየ፣ ወይም ቁጥሩ ሁሉ አምሮ ቀን ላይ መሪ ይዘው የሚያንቀላፉ ከሆነም እንዲሁ።

መረጃው ስልኬ ላይ አይመጣም

ብዙ መከታተያዎች የሚቀበሉት ባለ 2.4 ጊጋኸርትዝ ዋይፋይ ብቻ ነው፤ ራውተሩን በዚያ ያስተካክሉ። የሲፓፑ ዝርዝር ግን ያለው ኤስዲ ካርዱ ላይ ነው። ለሐኪም ሲሄዱም ካርዱንና የሳምንቱን ማስታወሻ ይያዙ። ቤት ውስጥ ለማየት ኦስካር የተባለው ነፃ የኮምፒውተር ፕሮግራም የብዙ ማሽኖችን ካርድ ያነባል። ኮምፒውተሩ ካርዱን እንዳያበላሸው በጎኑ ያለችውን ትንሽ መቆለፊያ ወደ ታች ይግፉ፤ ወደ ሲፓፑ ሲመልሱት መልሰው ይክፈቷት፣ አለበለዚያ የሌሊቱ መረጃ አይጻፍም።