«ጤናዎ እንዴት ነው?» ጥያቄ ነው ወይስ ሰላምታ? መጠይቅን በየቋንቋው የመፈተሽ ዘዴ

በኢትዮጵያ የቤት ለቤት ጥናት ሲካሄድ መጠይቁ አብዛኛውን ጊዜ በእንግሊዝኛ ተዘጋጅቶ ወደ አገር ውስጥ ቋንቋዎች ይተረጎማል፤ በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መጠይቅም ወደ አማርኛ፣ ኦሮምኛና ትግርኛ ተተርጉሞ ነበር። ከዚያ በኋላ ሌላ ሰው ትርጉሙን መልሶ ወደ እንግሊዝኛ እንዲያዞረውና ከመነሻው ጋር እንዲመሳከር ይደረጋል። ይህ ማመሳከር የተዘለለ ወይም የተዛባ ቃል ይይዛል፤ ተጠያቂው ጥያቄውን ምን ብሎ እንደሰማው ግን አያሳይም።

«በአጠቃላይ ጤናዎ እንዴት ነው?» የሚለውን ጥያቄ እንመልከት። የቃል ስሕተት የለበትም፣ ወደ እንግሊዝኛ ቢመለስም ልክ ሆኖ ይመለሳል። ደጃፏ ላይ ቆማ የምትጠየቅ እናት ግን የሰማችው ሰላምታ ስለሆነ፣ ጉልበቷ አላስኬድ ብሏት ሳምንት ሙሉ ተኝታ ብትከርምም «እግዚአብሔር ይመስገን» ትላለች፤ ጠያቂውም «ጥሩ» የሚለው ላይ ምልክት ያደርጋል። በኦሮምኛም በትግርኛም እንዲህ ያለው ጥያቄ በምስጋና ስለሚመለስ ሦስቱ ትርጉሞች እርስ በርስ ይስማማሉ፤ የሚስቱትም አብረው ነው። ስለዚህ ትርጉሞቹን ጎን ለጎን ማስተያየት ብቻውን አይበቃም፣ ከተናጋሪው ጋር ቁጭ ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ፍተሻው ከመጀመሩ በፊት እያንዳንዱ ጥያቄ ምን ለመቁጠር እንደተነሣ በአንድ ሁለት መስመር ይጻፍ። ለምሳሌ «ባለፈው ሳምንት» ሲባል ከትናንት ወደ ኋላ 7 ቀን ማለት ነው ወይስ ከሰኞ እስከ እሑድ? ይህ አስቀድሞ ካልተወሰነ ተጠያቂው ተሳስቷል ወይም አልተሳሳተም ለማለት መለኪያ አይኖርም።

ለመጀመሪያው ዙር በየቋንቋው ከ8 እስከ 10 ሰው ይበቃል፤ የሚፈለገው መቶኛ ሳይሆን ሰዎቹ የተረዱበት መንገድ ነውና። በዕድሜ፣ በፆታና በትምህርት የተለያዩ፣ በተቻለ መጠን በዚያው ቋንቋ ብቻ የሚኖሩ ሰዎች ይመረጡ። ሁለት ቋንቋ አቀላጥፎ የሚናገር የቢሮ ባልደረባ ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ከትርጉሙ ጀርባ ያለውን የእንግሊዝኛ ሐሳብ ስለሚያውቅ የጎደለውን ራሱ ይሞላዋል። ጠያቂው ቋንቋው አፉን የፈታበት ይሁን፤ ድምፅ የሚቀዳውም ተጠያቂው ሲፈቅድ ብቻ ነው።

ጥያቄው በመስክ እንደሚጠየቀው ሆኖ ይቀርባል፣ መልስ ይሰጣል፣ ማብራሪያ የሚጠየቀው ከዚያ በኋላ ነው። «ገባዎት?» ብሎ መጠየቅ ዋጋ የለውም፤ ይሉኝታ ያለበት ሰው ሁሉ «አዎ» ይላል። ይልቁንም «ይህንኑ ለጎረቤትዎ ልጠይቅ ቢሉ በምን ቃል ይጠይቁ ነበር?» ማለት ይሻላል። ተጠያቂው የሚያስበውን ድምፁን አሰምቶ እንዲናገር ማድረግ በሌላው ዓለም የተለመደ ዘዴ ቢሆንም፣ ትምህርት ቤት ያልገባን ሰው ፈተና ላይ የተቀመጠ ያህል ያስጨንቀዋል። እኔ የምመርጠው ነገሩ ለመጨረሻ ጊዜ የደረሰበትን ቀን እንዲተርክ ማድረግን ነው። የሚፈተነው ጥያቄው እንጂ እሱ አለመሆኑም መጀመሪያ ላይ ብቻ ሳይሆን መሐል ላይም ይነገረው።

«በቤተሰብዎ ስንት ሰው አለ?» የሚለው ጥያቄ ቢፈተሽ እንዲህ ያለ ምልልስ ሊያስከትል ይችላል።

«ስድስት ነን።»
«እነማን ናችሁ?»
«እኔ፣ ባለቤቴና አራት ልጆቻችን።»
«ሁሉም እዚሁ ያድራሉ?»
«ትልቋ ጅዳ ናት። በየወሩ ትልክልናለች።»
«ጓዳ ያለችው ልጅስ?»
«እሷማ ሠራተኛ ናት።»

መጠይቁ የሚፈልገው በአንድ ቤት የሚያድሩና ከአንድ ማድ የሚበሉ ሰዎችን ነው። ጅዳ ያለችው ልጅ ወጥታ ሠራተኛዋ ስትገባ ቁጥሩ ያው 6 ነው! ድምሩ ልክ ሆኖ ሰዎቹ ግን ተለዋውጠዋል፤ በዕድሜና በትምህርት ሠንጠረዥ ውስጥ የምትገባው እዚያ ቤት የማታድር ሴት ናት። ጥያቄው «ዘመድም ባይሆኑ፣ ሠራተኛም ቢሆኑ፣ አብዛኛውን ጊዜ እዚህ የሚያድሩና አብረው የሚበሉ ሁሉ» ተብሎ ይታረም። በትግርኛ «ስድራ ቤት»፣ በኦሮምኛ «ማቲ» ወይም «ወራ» ወደ ዝምድና ያደላሉ ወይስ ወደ ቤት የሚለው ለየብቻው ይፈተሽ እንጂ ከአማርኛው ውጤት አይገመት።

መጠይቁ ውጭ አገር ለሚኖሩ የሚላክ ከሆነ ሰዓት ይታሰብበት። ዋሽንግተን ያለ አንባቢ «በ2 ሰዓት» የሚለውን በየትኛው አቆጣጠር እንደሚያነበው በእርግጠኝነት መናገር አይቻልም።

የተገኘው ሁሉ ጥያቄው በረድፍ፣ ቋንቋው በዓምድ ሆኖ በአንድ ሠንጠረዥ ይስፈር፤ የሚጻፈውም የጠያቂው ማጠቃለያ ሳይሆን የተጠያቂው ቃል ነው። ችግሩ በአንድ ቋንቋ ብቻ ከታየ መጀመሪያ ትርጉሙ ይመርመር፤ በሁሉም ከታየ ጥፋቱ የመነሻው ሊሆን ስለሚችል እንግሊዝኛውም ይከፈት። መነሻው አይነካም ከተባለ ግን ፍተሻው ለይስሙላ ነው።

የታረመው መጠይቅ በአዲስ ሰዎች እንደገና ይፈተሽ። የጤናው ጥያቄ ከሰላምታው ርቆ ይቀመጥ፣ «አሁን የምጠይቅዎት ስለ ጤናዎ ነው» በሚል መግቢያ ይጀምር፣ አማራጮቹም አብረው ይነበቡ። ያም ሆኖ «ይመስገን» የሚል አይጠፋምና፣ ጠያቂው ምስጋናውን ተቀብሎ «ጥሩ» ብሎ ሳይሞላ አማራጮቹን እንዲደግም የሚያዝ መስመር በሦስቱም ቋንቋዎች ከጥያቄው ሥር ይታተም።