ኤክስ0 ዜሮ አልሆን ሲል

ኮምቦልቻ ውስጥ በምንሠራበት የሪስክ-ፋይቭ (የፕሮሰሰር ዓይነት ነው) ሰሌዳ ላይ ዲበገሩ፣ ማለትም የፕሮግራም ስህተት መፈለጊያው፣ ኤክስ0 የሚባለውን ሬጅስተር (በፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለ ትንሽ የቁጥር ማስቀመጫ) በዜሮ ፈንታ የትእዛዝ አድራሻ አድርጎ ያሳይ ነበር። ይህ ሬጅስተር ምንጊዜም ዜሮ ነው፤ የተጻፈበት ሁሉ ይጠፋል። ሊኑክስ ግን ለዲበገር በሚሰጠው የሬጅስተሮች መዋቅር ኤክስ0 ይገኝበታል ብለን የምንጠብቀውን የመጀመሪያ ቦታ ለፒሲ፣ የትእዛዙን አድራሻ ለሚይዘው ሬጅስተር፣ ሰጥቶታል። ብልህ ነው፤ የማይለወጥ ዜሮ ቦታ ምን ያደርግለታል?

በወረስነው ኮድ «ኤክስ0 ከሆነ» የሚለው ቅርንጫፍ በማንበቢያውም በመጻፊያውም ተበትኗል፤ ማሳያው ብቻ አያውቀውም። ሁሉንም ሰርዤ በሬጅስተሮች ሠንጠረዥ ላይ «ቋሚ ዋጋ» የሚል አንድ ዓምድ ጨመርኩ። ዓምዱ ከተሞላ ዲበገሩ ከርነሉን (የሊኑክስን እምብርት) ሳይጠይቅ ዋጋውን ይመልሳል፤ ለመጻፍ የሞከረውን እምቢ ይላል። ዝም ብሎ መዋጥም ይቻል ነበር፤ የሚዋሽ ዲበገር ግን አልወድም። ደሴ ያለው ባልደረባዬ የሚፕስን (ሌላ የፕሮሰሰር ዓይነት ነው) ዜሮ ሬጅስተር በዚያው ዓምድ በአንድ መስመር አስገባው።